አገልግሎታችን መሰናክል ሲገጥመው የእግዚአብሔርን ምሪት እንዴት እናስተውል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ እስከ ጎሮ፣ ከጎሮም አልፎ እስከ ቦሌ አራብሳ ባለው ሰፊ አካባቢ የምናገለግል ሁሉ በየዓመቱ የምናየው ነገር አለ። መስከረም ሲጠባ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት የዓመት ዕቅዳቸውን ያወጣሉ። የሕፃናት ክፍል ይከፈታል፤ የአብነት ትምህርት ይጀመራል፤ ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ ይሰበሰባል፤ የአዳራሽ ግንባታ ይታሰባል፤ የሦስት ቀን ጉባኤ ይታቀዳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ከእነዚህ ዕቅዶች ጥቂት የማይባሉት በቆሙበት ቀርተው ይገኛሉ። ቦታ ታጣ፣ ገንዘብ አነሰ፣ ፈቃድ ዘገየ፣ መምህሩ ታመመ፣ አገልጋዮቹ ቤት ለቀው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ ይባላል።

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የከተማዋ ዳርቻ የነበረው ጎሮ ዛሬ ሰፋፊ መንገድ፣ የኢኮቴ ፓርክና የጋራ መኖሪያ ቤቶች የከበቡት ሰፈር ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም የአስተዳደር ወሰኑም ተለውጧል። እንዲህ ባለ ፈጥኖ በሚለዋወጥ አካባቢ ዕቅድ መሰናከሉ ብርቅ አይደለም። የሚያሳስበው መሰናክሉን ተከትሎ የሚመጣው ነው። አንዱ «እግዚአብሔር አልፈቀደም» ብሎ እጁን ያጣጥፋል፤ ሌላው «ሰይጣን ነው የተፈታተነን» ብሎ ይቆጣል፤ ሦስተኛው «እገሌ ነው ያበላሸው» ብሎ ወንድሙን ይከስሳል። ሦስቱም ቃላት ነገሩ ሳይመረመር የሚዘጉ ናቸው። ዕቅዱ ከተሰናከለ በኋላ አገልጋዩም አብሮ ይሰናከላል፤ ለዓመታት በትጋት ያገለገሉ ወጣቶች በአንድ ያልተሳካ ሥራ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይርቃሉ። ስለዚህ መሰናክል ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና በገጠመን ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባን ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ እንመለከታለን።

ዕቅድ ማውጣት ከእምነት ጋር አይጣላም

አንዳንድ ምእመናን «እግዚአብሔር የሚመራን ከሆነ ዕቅድ ለምን ያስፈልጋል?» ሲሉ ይሰማሉ። ጌታችን ግን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ በምሳሌ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። ጻድቁ ዮሴፍ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ምርት አምስተኛው እጅ እንዲከማች መክሮ ግብፅንና የአባቱን ቤት ከረኀብ አድኗል (ዘፍ. 41፥34-36)። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት በተነሣ ጊዜ ከንጉሡ የይለፍ ደብዳቤና እንጨት ጠየቀ፤ ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም ለማንም ሳይናገር በሌሊት ጥቂት ሰዎችን አስከትሎ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ (ነህ. 2፥7-16)። ሥራውን ለሕዝቡ የገለጠው መጠኑን ካወቀ በኋላ ነው። እነዚህ ሁሉ በእምነት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እምነታቸው ከማሰብና ከማስላት አላገዳቸውም።

ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ የሚገሥጸው ሰው ነገ ወደ እገሌ ከተማ ሄጄ እነግዳለሁ፣ አተርፋለሁ የሚለውን ነው። ተግሣጹ የወደቀው በማቀዱ ላይ ሳይሆን ነገን በእጁ እንደያዘ ሰው በመመካቱ ላይ ነው፤ ጌታ ቢፈቅድ ማለትን ረስቷልና (ያዕ. 4፥13-16)። ጠቢቡ ሰሎሞንም የሰው ልብ መንገዱን እንደሚያስብ፣ አካሄዱን የሚያቀናለት ግን እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል (ምሳ. 16፥9)። ከዚህ እንደምንረዳው ዕቅድ በእግዚአብሔር ፊት የምናቀርበው ልመና ነው። ልመና ያቀረበ ሰው ደግሞ መልሱን ለመስማት ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቃል። መልሱ «እሺ» ብቻ እንዲሆን አስቀድሞ የወሰነ ግን ለማኝ መሆኑ ቀርቶ አዛዥ ሆኗል።

ሦስት የተዘጉ በሮች፦ የቅዱስ ጳውሎስ ጉዞ

ስለ አገልግሎት ዕቅድ መሰናከል ከሐዋርያው ከቅዱስ ጳውሎስ ሁለተኛ ሐዋርያዊ ጉዞ ይልቅ ግልጥ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። ቅዱስ ጳውሎስ ከሲላስ ጋር ተነሥቶ፣ በልስጥራንም ጢሞቴዎስን ጨምሮ በፍርግያና በገላትያ አገር አለፈ። ቀጥሎ በእስያ ሊያስተምር ባሰበ ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ከለከለው። ወደ ሚስያ አቅራቢያ ደርሶ ወደ ቢታንያ ሊገባ ሲሞክርም ዳግመኛ ተከለከለ። ከዚያም ወደ ጢሮአዳ ወረደ፤ በሌሊትም አንድ የመቄዶንያ ሰው መጥቶ እንዲረዳቸው ሲለምነው በራእይ አየ (የሐዋ. 16፥6-10)። በዚህ ጥሪ ባሕር ተሻግሮ ፊልጵስዩስ ገባ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ክልከላው ኃጢአት በሆነ ሥራ ላይ አለመሆኑን ነው። ወንጌልን መስበክ የጌታ ትእዛዝ ነው፤ እስያም ቢታንያም ወንጌል የሚያስፈልጋቸው አገሮች ነበሩ። ሥራው መልካም ሆኖ፣ ሠራተኛውም የተመረጠ ሆኖ፣ በሩ ግን ተዘጋ። ስለዚህ የአንድ ዕቅድ መዘጋት ዕቅዱ ክፉ ነበረ፣ ወይም ያቀደው ሰው የተጠላ ነበረ ማለት አይደለም።

የእነዚያን በሮች ፍጻሜ ስንከታተል ደግሞ ምሪቱ ይበልጥ ይገለጥልናል። እስያ ለቅዱስ ጳውሎስ ለዘለዓለም አልተዘጋችም። ከዓመታት በኋላ በእስያ ዋና ከተማ በኤፌሶን ሁለት ዓመት አስተምሮ በእስያ የሚኖሩ ሁሉ የጌታን ቃል ሰምተዋል (የሐዋ. 19፥8-10)። በፊልጵስዩስ በወንዝ ዳር ቃሉን ሰምታ የተጠመቀችው ቀይ ሐር ሻጭ ልድያም የትያጥሮን ሰው ነበረች፤ ትያጥሮን ያለችው በዚያው በእስያ ነው (የሐዋ. 16፥14)። ስለዚህ የእስያ መልስ «አሁን አይደለም» የሚል ነበር። ቢታንያን በተመለከተ ግን ቅዱስ ጳውሎስ ወደዚያ ስለ መመለሱ የተጻፈ የለም። ሆኖም ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክቱን ከጻፈላቸው ምእመናን መካከል በቢታንያ የተበተኑት ይገኛሉ (1ኛ ጴጥ. 1፥1)። ወንጌል በሌላ እጅ ደርሷቸዋል። የቢታንያ መልስ «በአንተ አይደለም» የሚል ነበር። የመቄዶንያ መልስ ደግሞ «ወደዚህ ና» የሚል ነበር። አንዱ አገልጋይ በአንድ ጉዞ ሦስት የተለያዩ መልሶችን ተቀበለ።

ሌላም ነገር አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በራእይ ተጠርቶ ወደ ፊልጵስዩስ ቢሄድም በዚያ ተገረፈ፤ እግሩም በግንድ ተጠርቆ ወኅኒ ገባ (የሐዋ. 16፥22-24)። በሩ ከተከፈተ ፈቃደ እግዚአብሔር ነው፣ ችግር ከገጠመ አይደለም የሚለው ልማዳዊ መለኪያ በዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም። ራሱ ሐዋርያው በኤፌሶን ለመቆየት የወሰነው ታላቅ በር ስለተከፈተለትና ብዙ ተቃዋሚዎችም ስለነበሩ መሆኑን ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 16፥8-9)። ተቃዋሚና የተከፈተ በር በአንድ ቦታ ይገኛሉ።

ወደ ሮም ለመሄድም ብዙ ጊዜ አስቦ ተከልክሏል (ሮሜ 1፥13፤ 15፥22)። መሄድ ባይችል ግን መልእክት ጻፈ፤ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበውና የሚተረጐመው የሮሜ መልእክት የዚያ መዘግየት ፍሬ ነው። በመጨረሻም ሮም የገባው እንዳቀደው ሳይሆን እስረኛ ሆኖ ነበር (የሐዋ. 28፥16)።

መሰናክል ከየት ይመጣል?

መሰናክል ሁሉ አንድ ምንጭ የለውም። ምንጩን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት ቢያንስ አምስት ምንጮችን እናገኛለን።

የመጀመሪያው እግዚአብሔር ራሱ ሥራውን ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ጊዜ ያዘጋጀው ሲሆን ነው። ቅዱስ ዳዊት ቤተ መቅደስ ሊሠራ በወደደ ጊዜ ነቢዩ ናታን በመጀመሪያ በልቡ ያለውን ሁሉ እንዲያደርግ ነገረው፤ በዚያው ሌሊት ግን የእግዚአብሔር ቃል መጥቶ ሥራው ለልጁ እንደሆነ ተገለጠ (2ኛ ሳሙ. 7፥1-13)። ዳዊት አላኮረፈም። ወርቁን፣ ብሩን፣ ብረቱንና ዝግባውን አከማችቶ፣ የሕንጻውን ንድፍ ሰጥቶ፣ ሠራተኞችን አዘጋጅቶ ለሰሎሞን አስረከበ (1ኛ ዜና 22፤ 28)። በስሙ ለማይጠራ ሥራ እንዲህ መድከም የአገልጋይ ትልቁ ፈተና ነው።

ሁለተኛው የጠላት ፈተና ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሊመለስ አንድና ሁለት ጊዜ ፈልጎ ሰይጣን እንዳሰናከለው ይናገራል (1ኛ ተሰ. 2፥18)። ያደረገው ምን ነበር? ስለ ሰይጣን ሲያወራ አልተቀመጠም፤ ጢሞቴዎስን ልኮ ምእመናኑን አጸና (1ኛ ተሰ. 3፥1-2)። የጠላት ፈተና የሚታወቀው በአብዛኛው በፍሬው ነው። ጥላቻን፣ መለያየትንና ተስፋ መቁረጥን ያመጣል።

ሦስተኛው የሰው ተቃውሞና በደል ነው። ዘሩባቤልና ኢያሱ የጀመሩት የቤተ መቅደስ ሥራ በጠላቶች ክስና በንጉሥ ትእዛዝ ቆሞ ነበር፤ በዳርዮስ ሁለተኛ ዓመት እንደገና ተጀምሮ በስድስተኛው ዓመት ተፈጸመ (ዕዝ. 4፥24፤ 6፥15)። በደል የደረሰበት አገልጋይ በሕግ መብቱን መጠየቁ ከእምነት መጉደል አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ የገረፉትን ሹማምንት በሮማዊ ዜግነቱ ጠይቋቸዋል፤ በቂሣርያም ይግባኝ ብሏል (የሐዋ. 16፥37፤ 25፥11)። በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር በቦሌ ክፍለ ከተማ 24 በተባለው ሥፍራ በቤተ ክርስቲያን ይዞታ ምክንያት በተፈጠረው ግጭት የሁለት ወጣቶች ሕይወት ማለፉን የአካባቢያችን ምእመናን አይረሱትም። እንዲህ ያለውን ኀዘን «እግዚአብሔር ቦታውን ስላልፈቀደ ነው» ብሎ መተርጐም የሞቱትን መበደል፣ የእግዚአብሔርንም ስም ያለ ቦታው መጥራት ነው። ሰው ያደረገውን የሰው ሥራ ብለን መጥራት፣ ፍትሕንም በሰላምና በሥርዓት መጠየቅ ይገባናል።

አራተኛው የራሳችን ጉድለት ነው። ሒሳብ በወቅቱ ያልተወራረደበት፣ ደብዳቤው ለሰበካ ጉባኤ ሳይቀርብ ጉባኤው የተጠራበት፣ አንድ ሰው ብቻ ሁሉን የያዘበት ሥራ ሲቆም ምክንያቱን በሰማይ መፈለግ አያሻም። ነቢዩ ሐጌ በዘመኑ የነበሩትን ሰዎች የወቀሰው በዚህ ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት የሚሠራበት ዘመን ገና አልደረሰም እያሉ ራሳቸው ግን በተዋበ ቤት ተቀምጠው ነበር (ሐጌ 1፥2-4)። ከውጭ የመጣው ክልከላ ለስንፍናቸው መሸሸጊያ ሆኖላቸው ነበር። «ጊዜው አልደረሰም» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የእምነት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የስንፍና ቃል ነው።

አምስተኛው ከተሳሳተ መንገድ የሚመልስ ተግሣጽ ነው። ነቢዩ ዮናስ ወደ ነነዌ ተልኮ ወደ ተርሴስ በሸሸ ጊዜ ማዕበሉ አስቆመው (ዮና. 1)። በለዓምም መንገዱ ጠማማ ስለነበረ መልአክ በፊቱ ቆመበት፤ እርሱ ያላየውን አህያይቱ አየች (ዘኍ. 22፥22-35)። ይህ ምንጭ ራስን በንስሐ መመርመርን ይጠይቃል።

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የጵጵስና ታሪክ የሚጀምረው በተሰናከለ ጉዞ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጢሮስ ሰው ሜሮጵዮስ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ሲጓዝ መርከቡ በቀይ ባሕር ወደብ ላይ አደጋ ደረሰበት፤ ተጓዦቹ ተገድለው ሁለቱ ብላቴኖች ብቻ ተረፉ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ ይህን ከራሱ ከኤዴስዮስ መስማቱን ይናገራል። ብላቴኖቹ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወስደው አደጉ፤ ፍሬምናጦስም የመንግሥት ሥራ ተሰጥቶት በአገሩ የነበሩትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እያሰባሰበ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው አደረገ። በኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። ለሌላ ሰው የለመነውን ሹመት ራሱ ተቀብሎ ተመለሰ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። ከጢሮስ ሲነሣ ያሰበው ጉዞ ፈጽሞ አልተሳካም፤ ያልታሰበው ግን ለአንድ አገር ብርሃን ሆነ።

ሐዋርያዊ ሥራው ከተጀመረም በኋላ መሰናክል አልቀረም። አርዮሳዊው ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በቅዱስ አትናቴዎስ መንበር በተቀመጠው በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠይቆ ነበር። ደብዳቤው ዛሬ ድረስ የሚታወቀው ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ ውስጥ ስላስቀመጠው ነው። አክሱም ግን በኒቅያ ሃይማኖት ጸናች። ሹሙን የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰድዶ 17 ዓመት ያህል በስደት ኖሯል፤ በስደቱም ጽፏል፣ አስተምሯል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከራሷ ልጆች ጳጳሳትን ለመሾም ያቀረበችው ጥያቄ ደግሞ የመታገሥን ትርጉም ያስተምረናል። ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለ1600 ዓመታት ያህል ጳጳሳት ከግብፅ ይመጡ ነበር። አንዱ ጳጳስ ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ዲቁናና ቅስና የሚሰጥ አይገኝም። ነገሥታቱና ሊቃውንቱ በተለያየ ዘመን ጠየቁ፤ መልስ ሳያገኙ አለፉ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ። ከእነርሱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ሰማዕትነትን ተቀበሉ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። የለመኑት ትውልዶች የተሰጠውን አላዩም። ቢሆንም ጳጳስ በሌለበት ዘመን ቅዳሴውን ያላስታጐሉ ካህናት፣ ድጓውንና ቅኔውን ያስተማሩ መምህራን፣ ገዳማቱን የጠበቁ መነኰሳት ባይኖሩ ኖሮ ሹመቱ የሚያርፍበት ቤት አይገኝም ነበር።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ካህናትንና ወጣቶችን እያሰለጠኑ ሳለ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ተስፋ የጣሉባቸው ተማሪዎች አባታቸውን አጡ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላኩ። ለትምህርትም ለአገልግሎትም ያወጡት ዕቅድ ሁሉ ፈረሰ። በማሠልጠኛው ግን ከተለያዩ ተቋማት የመጡት ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ተገናኝተው በኅብረት ጸለዩ፤ ከመንግሥት ለውጥ በኋላም በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። በግቢያቸው ቢቀሩ ኖሮ በየተቋማቸው ይወሰኑ የነበሩ ወጣቶች ባልፈለጉት ቦታ ተዋወቁ። በደርግ ዘመን የተዘጋው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም ከለውጡ በኋላ ዳግመኛ ተከፍቶ እስከ ዛሬ መምህራንን ያፈራል።

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በገባ ጊዜም ምእመናን ሰሙነ ሕማማትንና በዓለ ትንሣኤን በየቤታቸው አሳለፉ። የታቀዱ ጉባኤያትና ጉዞዎች ተሰረዙ። ብዙ ቤተሰብ ግን አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በአንድነት የሚሰግዱበትን የቤት ጸሎት የለመደው ያን ጊዜ ነው፤ የስብከተ ወንጌል ትምህርትም በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት ተሠራጭቷል። ወረርሽኙን በጎ አንለውም፤ ብዙዎችን አሳጥቶናል። እግዚአብሔር በክፉም ቀን ሥራውን እንደማይተው ግን አይተናል።

መሰናክል ሲገጥመን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቆም ብሎ መጸለይ። እስራኤል በምድረ በዳ ደመናው ሲያርፍ ሁለት ቀን ይሁን ወር ወይም ዓመት ይሰፍሩ ነበር፤ ሲነሣም ይጓዙ ነበር (ዘኍ. 9፥15-23)። መስፈርም መጓዝም መታዘዝ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ዕቅዳቸው በቆመ ጊዜ ወዲያው ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ የጸሎትና የስግደት ቀን ቢወስኑ በስብሰባው የሚነገረው ቃል ይለዝባል።

ሁለተኛ፣ መማከር። አገልጋይ በግሉ ከንስሐ አባቱ ጋር፣ ማኅበሩም ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር በቃለ ዐዋዲው ሥርዓት መሠረት ሊመክር ይገባል። በናታን ታሪክ እንዳየነው ነቢይ እንኳ በመጀመሪያ የተናገረው በኋላ ሊታረም ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ሰው የመጀመሪያ ቃል ብቻ አንቸኩል።

ሦስተኛ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ መለየት። ከላይ ያየናቸውን አምስት ምንጮች አስቀምጦ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ይረዳል። በእኛ እጅ ያለው ምንድን ነው? በሌላ እጅ ያለው ምንድን ነው? የዘገየው ደብዳቤ የት ቆሟል? የአስተዳደር ወሰን ተለውጦ ጉዳዩ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ተዛውሮ ከሆነ የሚያስፈልገው ሱባዔ ብቻ አይደለም፤ ወደ ትክክለኛው ጽሕፈት ቤት መሄድም ነው። ነህምያ ጠላት በተነሣበት ጊዜ ጸለየ፤ ጠባቂም አቆመ (ነህ. 4፥9)።

አራተኛ፣ ዓላማንና መንገድን መለየት። ለምሳሌ በጎሮ የሚገኝ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት አዳራሽ ሊሠራ አስቦ ግንባታው ቆመበት እንበል። ዓላማው ሕፃናቱ ሃይማኖታቸውን እንዲማሩ ነው፤ አዳራሹ መንገድ ነው። አዳራሹ ሲቆም ትምህርቱ አብሮ ከቆመ መንገዱን ዓላማ አድርገነው ነበር ማለት ነው። የአብነት ተማሪዎች በዛፍ ጥላ ሥር ዳዊት እየደገሙ ሊቃውንት በወጡበት አገር የአዳራሽ መዘግየት ትምህርት ሊያስቀር አይገባም። እንደዚሁም ንቁ አገልጋዮቹ የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሷቸው ወደ አራብሳ ሄዱበት እንበል። ለጎሮው ማኅበር ጉድለት ነው፤ በአራብሳ ለሚያድጉት ልጆች ግን መምህር መጣላቸው። የሄዱትን ከመውቀስ ይልቅ መርቆ፣ የትምህርት መጽሐፉንም አስይዞ መላክ የቢታንያን ትምህርት መኖር ነው።

አምስተኛ፣ ጊዜ ወስኖ መመለስ። «እንጠብቅ» የሚል ውሳኔ መቼ እንደሚታይ ካልተወሰነ ወደ መርሳት ይለወጣል። ከፋሲካ በኋላ ወይም ከሰኔ በፊት ዳግመኛ እናያለን ብሎ መመዝገብ ይገባል። በመካከሉም እንደ ዳዊት ለሚመጣው ማከማቸት፣ ሒሳቡን አጥርቶ መያዝ፣ ተተኪ ማሠልጠን ይቻላል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

እግዚአብሔርን በምልክት መፈተን አይገባም። ጌዴዎን የጠጕሩን ምልክት መጠየቁ (መሳ. 6፥36-40) እኛም በየጉዳዩ «እንዲህ ከሆነ ፈቅደሃል፣ እንዲያ ከሆነ አልፈቀድህም» እያልን ፈጣሪያችንን እንድናስገድድ የተሰጠ ሥርዓት አይደለም። ሕልምና ራእይ አየሁ የሚልም ሰው ቢኖር ነገሩ በአባቶች ፊት ቀርቦ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይመዘናል እንጂ የማኅበር ውሳኔ አይሆንም።

የእግዚአብሔርን ስም ክርክር ለማሸነፍ መጠቀምም ከባድ ጥፋት ነው። የራሱ ሐሳብ ያልጸደቀለት ሰው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ተጣሰ» ሲል፣ የሌላው ሐሳብ ሲሰናከል ደግሞ «እግዚአብሔር ፈረደ» ሲል በሁለቱም ቦታ ራሱን በእግዚአብሔር ወንበር አስቀምጧል።

ከሁሉ በላይ የአገልግሎቱን መቆም ከእግዚአብሔር ፍቅር መለየት አድርጎ ማየት አይገባም። አገልግሎታችን ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ ነበርን፤ ቢቆምም ልጆቹ ነን። ዕቅዱ የተሰናከለበት አገልጋይ ቅዳሴውን፣ ንስሐውንና ቅዱስ ቁርባኑን ሊተው አይገባውም፤ የሚጸናው በእነዚህ ነውና። የሚያገለግልበት ክፍል ተዘግቶ ሳለ ከምእመናን ጋር በቤተ መቅደሱ ቆሞ የሚያስቀድስ ወጣት ያን ጊዜም እያገለገለ ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በየደብራችሁ የቆመ ዕቅድ ካለ ያዘናችሁበትን ሰው በቅድሚያ ፈልጉት፤ ከዕቅዱ በፊት ሰላሙ ይመለስ። ከዚያም በአንድነት ጠይቁ፦ ይህ እስያ ነው፣ ቢታንያ ነው ወይስ መቄዶንያ? መልሱ ወዲያው ባይገለጥ እንኳ ጠያቂዎቹ በፍቅር ከቆዩ መንገዱ አይጠፋባቸውም። ሐዋርያው በጢሮአዳ ያደረባትን ሌሊት ያለፈው ብቻውን አልነበረም፤ ወንድሞቹ አብረውት ነበሩ፤ ራእዩንም ሰምተው እግዚአብሔር እንደ ጠራቸው በአንድነት አስተዋሉ።

የአባቶቻችን አምላክ እግዚአብሔር የተዘጋውን በጊዜው ይክፈትልን፤ የማይከፈተውንም የምንቀበልበትን ልቡና ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር